ለአባባ የሚሆን ሰዓት

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአሸብር አምባቸው፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ተመስገን ነው፣ ቆመን እንሄዳለን። ያለህበትን አገር ሰላም ያድርግልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ፤ የሚያይህን ሰው ሁሉ ወዳጅ ያድርግልህ።

በኢሜይል የምጽፍልህ በስልክ ስላልቻልን ነው። ባለፈው ጆሮህ ላይ ዘጋሁብህ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የዘጋኸው አንተ ነህ። በጽሑፍ ከሆነ ቢያንስ አንዳችን እስክንጨርስ ሌላው ዝም ይላል።

አባባ ትተኸው እንደሄድከው አይደለም። ካቻምና ክረምት ላይ ስትሮክ ከመታው ወዲህ እጅና እግሩ ተመልሶለታል፣ ሐሳቡ ግን አልተመለሰም። አንዳንድ ቀን እኔን በእማማ ስም ይጠራኛል። ቀትር ላይ ካፖርቱን ለብሶ "ቢሮ ረፈደብኝ" ብሎ ይወጣል፤ ጡረታ ከወጣ ግን ስንት ዘመኑ ነው። ጎረቤታችን እየሩሳሌም ወደምሠራበት ባንክ ትደውልልኛለች፣ እኔም ደንበኛ ፊቴ አስቀምጬ እሮጣለሁ። ባንካችን ደግሞ ስንገባ፣ ለምሳ ስንወጣ፣ ማታ ስንሄድ የሰዓት መቆጣጠሪያ ማሽን ላይ አሻራ ያስደርገናል። ማሽኑ አባትሽ ጠፍቶ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። አስታማሚ ቀጥሬ ነበር፤ አንዷን በከዘራ አሳደዳት፣ ሌላዋ ደመወዟን ሳትቀበል ጠፋች።

አሁን ሐዋሳ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ይሄ ቦታ ሁለት ጊዜ አልፎኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ "እሷ አባቷን ታስታምማለች፣ አትችልም" ተባለ። ሃምሳ ልሞላ ነው፣ ሦስተኛ ዕድል እንደማይመጣ አውቃለሁ። ሥራው የካቲት ላይ ይጀምራል። እዚያ ቤት እስክከራይ፣ አባባን የሚይዝልኝ ሰው እስካገኝ ሦስት ወር ይፈጅብኛል። እነዚያን ሦስት ወሮች አንተ መጥተህ አብረኸው እንድትቀመጥ ነው የምለምንህ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

የአባታችን ምርቃት አይለይህ።

እህትህ ሐረገወይን


ቻምብሊ፣ አትላንታ፣ ኖቬምበር 8፣ 2024

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሐረግ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናና ዕድሜ ከነሙሉ ጉልበቱ ይስጥሽ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ።

መልስ ያዘገየሁት በክፋት አይደለም፣ በጣም ቢዚ ነበርኩ። የሐዋሳውን ስሰማ ደስ ብሎኛል፣ ኮንግራጁሌሽንስ። የሚገባሽ ነው።

የጠየቅሽኝ ግን የማይሆን ነገር ነው። አንቺ የአሜሪካን ሥራ አታውቂውም። ኢንሹራንስ ካምፓኒ ውስጥ ክሌም ነው የምሠራው፤ ሰው መኪናው ሲጋጭ፣ ጣራው ላይ ዛፍ ሲወድቅበት ፋይሉ እኔ ጋ ይመጣል። በዚህ ሰሞን ፋይል ተቆልሎብኛል። ቫኬሽኔን ጨርሻለሁ። ሦስት ወር ልሂድ ብል በማግስቱ ሌላ ሰው ወንበሬ ላይ ያስቀምጣሉ። እዚህ እንደናንተ ሻይ ልጠጣ ብሎ መውጣት የለም፣ ሥራ አይለቅሽም።

እኔ የምልሽ ወንድ ነርስ ቅጠሪ፣ የሠለጠነ፣ ክፍያው በኔ። ወይም ባንኩን ጥቂት ጊዜ ጠብቁኝ በያቸው። ሰው የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ይጠብቃል። አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ድሮም ጠንካራ ነሽ። አባትሽን የጦርሽበትን እግዚአብሔር በልጆችሽ ይክፈልሽ እንዳልል ልጅ የለሽም፣ በጤናሽ ይክፈልሽ።

ወንድምሽ አሸብር


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሸብር፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ነህ አልልህም፤ ደህና መሆንህን ከሰው ሰምቻለሁ። ስለ ልጅ የጻፍከውንም አይቼዋለሁ፤ አሁን ግን ከሱ የሚብስ ነገር ይዤአለሁ።

ባለፈው እሑድ እንግዳ መጣብን። ፊሊሞን ይባላል፣ እዚያው አትላንታ አጠገብ ስኮትዴል ነው የሚኖረው፣ ካንተ ጋር አንድ ክፍል ይሠራል። ለአጎቱ ልጅ ሰርግ መጥቶ "የአሹን አባት ሳልጠይቅ ብመለስ ነውር ነው" ብሎ ብርቱካን ተሸክሞ ቤታችን ድረስ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው። አባባ እንኳን እጁን ይዞ አልለቅም አለው።

"ይሄን ያህል ፈቃድ እንዴት ሰጡህ?" አልኩት። ሳቀብኝ። ፈቃድ አልወሰድኩም አለኝ። ላፕቶፑን ይዞ ነው የመጣው፤ ቀን ሰርጉን ይሮጣል፣ ሲመሽ ሆቴሉ ቁጭ ብሎ የአትላንታን ሥራ ይሠራል። ማናጀራችን ከፈቀደች እስከ ሦስት ወር ከፈለጉበት አገር መሥራት ይቻላል አለኝ። "አሹም እኮ ይችላል" አለኝ። ሰዓታችሁንም ነገረኝ። በናንተ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት፣ እዚህ ሲመሽ ማለት ነው፣ ከተገኛችሁ የቀረውን በፈለጋችሁ ጊዜ ነው የምትሠሩት። ጠዋት ያሻው ጠዋት፣ ማታ ያሻው ማታ።

እሱ ግን ገና አልጨረሰም። "እኔም እናቴን ትቼ የመጣሁት አሹን ተማምኜ ነው" አለኝ። እናቱን ወይዘሮ የሺእመቤትን ለኩላሊት እጥበት የምታመላልሳቸው አንተ ነህ። ቦርሳቸውን ትይዛለህ፣ ለሐኪሙ ታስተረጉማለህ፣ እስኪጨርሱ ትጠብቃለህ። "ከኔ ከልጇ ይልቅ እሱን ትወደዋለች" አለኝ። ኤርፖርት ሰው የሚቀበለው አሹ፣ ቀን ቀን ለቅሶ ቤት የሚቀመጠው አሹ። ስምህን ሲጠራው አፉ ማር ይመስል ነበር።

ሥራ አይለቅም ያልከኝ አንተ ነህ።

እኒያን ሴትዮ እግዚአብሔር ይማራቸው፣ እሳቸው ምን አደረጉኝ። አንተን ግን ልጠይቅህ። የሰው እናት ሐኪም ቤት ለማድረስ ሰዓት ይገኛል፤ የገዛ አባትህ ካፖርቱን ለብሶ መንገድ ላይ ሲጠፋ ሰዓት የለም። እንዴት ነው እሱ? ለኔ ነርስ ቅጠሪ ትለኛለህ፤ ለወይዘሮ የሺእመቤት ለምን ነርስ አልቀጠርክላቸውም?

ፊሊሞንን "አዎ፣ ወንድሜ እንዲህ ነው" ብዬ እስከ በር ሸኘሁት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በንዴት ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።

ማናጀርህን ጠይቀሃታል ወይስ አልጠየቅካትም? አንድ ቃል ይበቃኛል።

ሐረገወይን


ቻምብሊ፣ ዲሴምበር 5፣ 2024

እትዬ ሐረግ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

አልጠየቅኳትም። አንድ ቃል ነው ያልሽው፣ ያው።

አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው፣ ስሚኝ። ፍሌክሲብል ማለት ሥራ ፈት ማለት አይደለም። አንቺ አሻራሽን አድርገሽ ስትወጪ ሥራው ባንክ ውስጥ ይቀራል። የኔ አብሮኝ ነው የሚበላው። ለወይዘሮ የሺእመቤት ጠዋት የሰጠኋቸውን ሰዓት ማታ ወንበር ላይ ተቀምጬ እከፍለዋለሁ።

ነገሩን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ሥራውን ያገኘሁ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ምሳ እየበላን "ሰዓቴን የምመርጠው እኔ ነኝ" ብዬ አወራሁ። ጉራ ነው እንግዲህ። እዚህ ያለው አብዛኛው ሰው ወይ መኪና ይነዳል ወይ መጋዘን ይሠራል፤ ሰዓቱን ሌላ ሰው ነው የሚቆርጥለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። አንዱ ኤርፖርት አድርሰኝ ይላል፣ አንዷ ኢሚግሬሽን አስተርጉምልኝ ትላለች። እዚህ አጠገባችን ዶራቪል ሱቅ ያለው ሰውዬ እንኳን ዕቃ እስኪያመጣ ሱቁን ጠብቅልኝ ብሎኛል። ኖ ስላቸው "ቤትህ ነህ አይደል እንዴ?" ይሉኛል። ክሊኒኩ በር ላይ ፓርክ አድርጌ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሚቲንግ ጆይን አደርጋለሁ። ሁለቴ አምልጦኝ ዋርኒንግ አለብኝ። ዋርኒንግ ያለበት ሰው ሦስት ወር ኢትዮጵያ ልሂድ ብሎ ይጠይቃል?

አንቺም ከነሱ አትሻዪም። ሰዓት አለው ሲሉሽ የኔ ነው ብለሽ እጅሽን ዘረጋሽ።

ደግሞ አባባን ብቻሽን የተሸከምሽ አታስመስዪ። ቤቱ ውስጥ የምትኖሪው አንቺ ነሽ። ፕሮሰስ ጀምሬ ወደዚህ ላመጣው ስል "ብርዱን አይችለውም" ብለሽ ያስቀረሽው አንቺ ነሽ። አትላንታ ምን ብርድ አለ? እሱ ከወጣ ቤቱ እንዳይሸጥብሽ ፈርተሽ ነው። ይሄን ስድስት ዓመት ሙሉ ውጬው ኖሬያለሁ። በቃ፣ አሁን ወጣልኝ።

አሸብር


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሸብር፣

ለጠላትም ሰላምታ አይነፈግም፤ ሰላም ለአንተ ይሁን።

ቤቱን ውሰደው። ውክልና ላክ፣ በስምህ አዞርልሃለሁ። ጣራው ያፈሳል፣ የኋላው ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ ከነምኑ ያንተ ይሁን። ብርዱን ያነሳሁት ደግሞ እኔ አይደለሁም። አባባ ነው "የልጄ ጫንቃ ላይ ሄጄ አልወድቅም፣ አንቺ ብርድ በዪልኝ" ያለኝ። ቅር እንዳይልህ ብዬ በራሴ አደረግኩት። ይሄው ከፈልከኝ።

ስለ ሥራህ የጻፍከውን ደግሜ አነበብኩት። ደህና ሰው ብሆን አዝንልህ ነበር። ግን አስበው፣ ለሰው ሁሉ እምቢ ማለት አቅቶህ፣ እምቢታህን ሁሉ አጠራቅመህ የሰጠኸው ለአባትህ ነው። ባለሱቁ ሱቄን ጠብቅልኝ ሲልህ ታፍራለህ። እኔንማ ምን ታፍረኛለህ፣ እኔ እህትህ ነኝ።

ለባንኩ እሺ ብዬ ፈርሜያለሁ። የካቲት 3 ሐዋሳ ሥራ እገባለሁ፣ ጥር 30 ከዚህ ቤት እወጣለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ያንተ ነው። ብትመጣም ያንተ ነው፣ ባትመጣም ያንተ ነው። እስከዚያ አልጽፍልህም፣ አትደውልልኝ።

ሐረገወይን


ቻምብሊ፣ ጃንዋሪ 14፣ 2025

እትዬ ሐረግ፣

ገና አለፈ፣ እንኳን አደረሰህ አላልሽኝም። እኔ ግን ለገናውም ለጥምቀቱም እንኳን አደረሰሽ።

ጠየቅኳት። ኢሜይሌን አንብባ ወዲያው ደወለችልኝና "አባትህ እንዲህ ሆነው እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?" አለችኝ። ዋርኒንጉን አላነሳችውም። ዋናዎቹን ሰዓቶች እስካልቀረሁ ድረስ ሦስት ወር መሥራት እችላለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ነገር በአንድ ስልክ አለቀ።

ውሸት ነው ግን፣ የፈራሁት እሷን አይደለም። ወይዘሮ የሺእመቤትን ቤታቸው በር ላይ አወርዳቸዋለሁ፣ "ተባረክ" ይሉኛል፣ መኪናዬን አስነስቼ እሄዳለሁ። አባባን የማወርድበት በር የለም። እሱን እያሰብኩ ነው ስልክሽን የምዘጋው። አሁን ይሄን ስለነገርኩሽ ደስ እንዳይልሽ።

ለወይዘሮ የሺእመቤት መሄዴን ስነግራቸው "እኔንስ ማን ይወስደኛል?" አሉኝ። "ልጅዎ" አልኳቸው። ፊሊሞን ከዚያ ወዲህ አኩርፎኛል። ሚቲንግ ላይ በስሜ አይጠራኝም። እዚያ ሄዶ ወሬ ባያዝረከርክ እኔም እሱም በሰላም እንኖር ነበር።

ጥር 30 ጠዋት እገባለሁ። ኤርፖርት እንዳትመጪ፣ ታክሲ እይዛለሁ። ወደሽ አይደለም የምትጠብቂኝ፣ እኔም ወድጄ አይደለም የምመጣው። ግን አንድ ቀን አብረን እንዋልና አያያዙን አሳዪኝ።

አሸብር


አዲስ አበባ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሸብር፣

እንኳን በደህና ገባህ።

ይሄን ወረቀት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ትቼልህ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄጃለሁ። አንድ ቀን አብረን ብንውል ማታ ላይ "አንድ ሳምንት ጨምሪልኝ" ትለኛለህ፤ እኔም ፊትህን ካየሁ እሺ እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። እስክትደርስ እየሩሳሌም አጠገቡ ትቀመጣለች።

መድኃኒቱን በማር ካልሆነ አይውጥም። የግቢውን በር ቆልፍ፣ ቁልፉን ኪስህ ውስጥ አታስቀምጥ፣ ይፈትሽሃል። እማማ የት ሄደች ካለህ ሞታለች አትበለው፤ እንደ አዲስ ነው የሚያለቅሰው። ሲመሽ ይብስበታል፣ ፀሐይ ስትገባ ሂድ ሂድ ይለዋል። አትከራከረው። ያንተ ሥራ የሚጀምረው በዚያው ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ። እንዴት እንደምታደርገው ግን አላውቅም። የኔን የባንክ ማሽን እንዴት እንደማደርገው አንተም አላወቅክልኝም።

ማቀዝቀዣ ውስጥ የሁለት ቀን ወጥ አለ።

ሐረገወይን


አዲስ አበባ፣ ፌብሩዋሪ 21፣ 2025

እትዬ ሐረግ፣

ሥራው እንዴት ሆነልሽ? የሐዋሳ ሙቀት ይስማማሽ።

ስልክ ስለማታነሺ ነው የጻፍኩት። ጥለሽኝ መሄድሽን ይቅር አላልኩሽም፣ መጀመሪያ እሱን እወቂው። ስገባ እየሩሳሌም ሻንጣዬን አይታ "ተመስገን" ብላ ውልቅ አለች። አባባ ሳሎኑ መሀል ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት አትጠይቂኝ። እኔ ሚቲንግ ስገባ እሱ በሩን ይጎትታል። አንድ ቀን ቁልፉን አግኝቶት ወጣ፤ ሄድሴቴን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ አስፋልት ድረስ ሮጥኩ። ማናጀሬ "አር ዩ ኦኬይ?" ትለኛለች፣ እኔ አባባን በካፖርቱ ጎትቼ ይዣለሁ፣ መንገደኛው ሌባ ነው ብሎ ከቦኛል። ፋይሎቼን የምጨርሳቸው እሱ ሲተኛ ነው፣ እሱ ደግሞ አይተኛም።

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ተቀየረ። ላፕቶፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ስከፍት ካፖርቱን ለብሶ መጣ። ሊወጣ ነው ብዬ ስነሳ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ቢሮ ገብቶ ኖሯል። እኔን የሱ ክፍል ጸሐፊ አድርጎኛል። "ያ ፋይል አለቀ?" ይለኛል። "ገና ነው፣ ጋሼ" እለዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አይወጣም። ሲመሽ እየመጣ ይቀመጣል፣ እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ይቆጣጠረኛል። ይሄን ዘዴ ስላገኘሁ ኩራት ሳይሰማኝ አልቀረም።

ትናንት ግን ሚቲንግ ላይ እያለሁ ስለ ልጁ ያወራኝ ጀመር። "አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፣ አሜሪካ ነው" አለኝ። "የትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። እሱ ካልገባ ቢሮው አይከፈትም። በየሳምንቱ ልምጣ ይላል፤ የምከለክለው እኔ ነኝ፣ ሥራህን አትፍታ እያልኩ።" ከዚያ እጁን ክንዴ ላይ ጣል አድርጎ "እርስዎስ ከሥራ የሚወጡት በስንት ሰዓት ነው? የሚጠብቅዎ ቤተሰብ የለዎትም?" አለኝ። ማይኩን አላጠፋሁትም ነበር። አትላንታ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል፣ ግን አማርኛ አያውቁም። ፊሊሞን ብቻ ነው የገባው። ካሜራውን አጠፋ።

ይሄን ሁሉ ማን ነው የነገረው? እኔ በየሳምንቱ ልምጣ ብዬ አላውቅም። የምን ኃላፊ ነው? ዛሬም ጠየቀኝ፣ መጸዳጃ ቤት ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። ምን ልበለው?

አሸብር


ሐዋሳ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሸብር፣

እኔ ደህና ነኝ። ሥራው ከብዶኛል፣ ግን ወድጄዋለሁ።

የነገርኩት እኔ ነኝ። በየምሽቱ "አሸብር ለምን አይመጣም?" ይለኝ ነበር። ሰው ኤርፖርት ሊያደርስ ሄዷል ልበለው? ኃላፊ አደረግኩህ። ቢሮ በእጅህ አስከፈትኩህ። ልምጣ ባይ አንተ፣ ከልካይ እሱ እንዲሆን አደረግኩት፣ የተረሳ እንዳይመስለው። ለአንተ ብዬ አይደለም። እሱን ሰምቶ እራቱን ይበላ ነበር።

ልክህን ልነግርህ ብዙ ጽፌ አጠፋሁት። አልታረቅኩህም። አጥር ያለው ቤት አግኝቻለሁ፣ ሦስት ወሩ ሲሞላ መጥቼ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ስለ ልጁ ሲያወራህ ዝም ብለህ ስማው፣ እኔ ነኝ እሱ አትበለው። አንተን ከሚያውቅህ ያንን ልጅ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ከሥራ የምትወጣበትን ሰዓት ነገም ይጠይቅሃል። አልወጣም በለው።

ሐረገወይን